ካልሲ የሌለው አይገባም

በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጥፋት የለባትም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችልን፦ ያለ ካልሲ መግባት አይቻልም። የእህቴ ልጆች ሁለቱም ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ወንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኮንጎ ጫማ በባዶ እግሩ ተጫምቷል። ሴቷ አምስቷ ነው፤ እሷም እንደዚያው። ከአርብ ገበያ ከመጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር። ለእነሱ ካልሲ ማለት እግር ላይ የሚጠለቅ ነገር ሳይሆን ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ኳስ የሚሆን ነገር ነው። ልጅቷ ከመሳቢያዋ ሁለት ጥንድ አወጣች፤ እንዳያንሸራትት ሥሩ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለበት። ከፈልኩ። የመግቢያውንም ከፈልኩ፤ ለሁለት ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት። ስንት እንደሆነ ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እዚህም አልጽፈውም፤ ታነበዋለቻ።

ይሄ ስለዚያ አንድ ሰዓት የተጻፈ ሂስ ነው። ሂስ ስል በቁም ነገር ነው። ልብ ወለድ እንገመግማለን፣ ፊልም እንገመግማለን፣ የአልበም ሽፋን ሳይቀር እንተቻለን። ልጆቻችን ግን በሳምንት አንዴ ገብተው «የሚያነቡትን» ቦታ ማንም አይገመግመውም። ንጹሕ ነው ወይ፣ ስንት ነው፣ ፓርኪንግ አለው ወይ ብለን እናልፋለን። ቦሌ መድኃኔዓለም ያለው ኤድና ሞል የልጆች መጫወቻና ሲኒማ አንድ ጣሪያ ሥር ካመጣ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሲሠራ ከፎቆቹ አንዱን ለልጆች መጫወቻ ማከራየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ልደት እዚያ ነው የሚከበረው። እሑድ ከሰዓት እዚያ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ የአንድ ትውልድ ትዝታ የሚጻፍበት ቦታ ከሆነ፣ ደራሲው ማነው፣ ምን ይላል፣ ምን ይዘላል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቦታው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ በተለጣፊ ሥዕል ስለተሸፈኑ ውጭው አይታይም፤ ቀን ይሁን ማታ አታውቁም። መሐሉ ላይ ጣሪያው ድረስ የሚደርስ የብረት ማዕቀፍ ቆሟል፤ ብረቱ ግን አይታይም፣ እያንዳንዱ ቋሚ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ሌዘር ተሰፍቷል። ውስጡ መወጣጫ፣ መሹለኪያ ቱቦ፣ ሸርተቴ አለ። ዙሪያውን መረብ ነው። ታች፣ ሸርተቴው የሚያልቅበት ላይ፣ የኳስ ገንዳ። አንድ ጥግ ላይ ወላጆች ማኪያቶ እየጠጡ ስልካቸውን የሚያዩባቸው ወንበሮች አሉ። እኔም እዚያ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ማስታወሻ እጽፍ ነበር።

የኳስ ገንዳው ደራሲ አለው። ኤሪክ ማክሚላን ይባላል፤ እንግሊዝ ተወልዶ ካናዳ የሠራ ንድፍ አውጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቶሮንቶ ውስጥ ኦንታሪዮ ፕሌስ በሚባለው መናፈሻ «የልጆች መንደር» የሚባል ቦታ ሠራ፦ ልጆች የሚወጡበት፣ የሚንጠላጠሉበት፣ የሚዘሉበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ላይ በላስቲክ ኳስ የተሞላ ገንዳ አኖረ። ብዙዎች የለስላሳ መጫወቻ አባት የሚሉት ለዚህ ነው። ኦንታሪዮ ፕሌስን የሠራው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ነበር፤ ከሐይቅ ዳር፣ ደጅ ላይ። ነገሩ የተጀመረው ሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው። በኋላ ነው በርገር ቤቶችና የገበያ ማዕከሎች ወስደው፣ ጣሪያ ሠርተው፣ በር ገጥመው፣ በሩ ላይ ሒሳብ ተቀባይ ያስቀመጡለት። እኛ ጋ የደረሰው ይሄኛው፣ ሁለተኛው እትም ነው።

ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ፍርድ ጨካኝ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ቦታ ላይ ምንም ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ ሁሉም ነገር ታስቦበታል። ልጅ የሚጨምረው ነገር የለም።»

ለዚህ ፍርድ ማስረጃ የሚሆን ሰውም ነበረኝ። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጨዋታ በጻፈው መጽሐፍ የዓለምን ጨዋታ በአራት ይከፍላል፦ ውድድር፣ ዕድል፣ ማስመሰልና ራስ ማዞር። እኔ ደግሞ እነዚህን አራት ይዤ አርብ ገበያ ላይ ያደግኩበትን ሜዳ ቆጠርኩ። ውድድር? ገበጣ አለ፤ መሬት ቆፍረህ፣ ጠጠር ካጣህ በፍየል በጠጥ የምትጫወተው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የገበጣን ዓይነቶች ሰብስቦ የጻፈውን ሳይ፣ እኛ «የኛ» ብለን የተጣላንበት ሕግ ሁሉ በየአገሩ ሌላ መልክ እንዳለው ገባኝ። ገናም አለ፣ በዱላ የሚመታው። ዕድል? ዘውድና ጎፈር። ማስመሰል? እቃ እቃ፣ የጭቃ በሬ፣ ከአገዳ የተሠራ ሞፈር። ራስ ማዞር? ከዛፍ ላይ የታሰረ ዥዋዥዌ፣ ዳገት ላይ ተኝቶ መንከባለል። አራቱም ሞሉ።

የከፈልኩበት ቦታ ውስጥ ግን ያለው አራተኛው ብቻ ነው። ውጣ፣ ተንሸራተት፣ ኳሱ ውስጥ ውደቅ፣ ተመልሰህ ውጣ። የሚሸነፍ የለም፣ ስለዚህ የሚያሸንፍም የለም። ሕግ ላይ የሚጣላ የለም፤ ሕጉ ግድግዳው ላይ ተጽፏላ። ልጁ ሊለውጠው የሚችለው አንድም ነገር የለም፤ ሁሉም ተሰፍቷል፣ ተጣብቋል፣ በቡሎን ታስሯል። «ባለቤት የሌለው ሜዳ ባለቤት ካለው ስፖንጅ ይበልጣል» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯን ወደድኳት። ሂሱ አልቋል ብዬ አስቤ ነበር።

እህቴ ከጎኔ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከልጆቹ አይነቀልም። «ምን ትጽፋለህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። የኛ አገር ጨዋታ ይሻላል፣ ነፃ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ምናምን አልኳት።

«ነፃ?» አለች። «አንተ ከብት ስትጠብቅ በሬው ሰው ማሳ ገብቶ ስንቴ ነው የተገረፍከው? ያንን ረሳኸው እንዴ?»

«እሱማ...»

«እኔስ መቼ ተጫወትኩ? አንተ ገና ስትመታ እኔ ውሃ ስወርድ ነበር። እቃ እቃ ትላለህ፤ እኔ እኮ በሰባት ዓመቴ እውነተኛው ዕቃ ነበር በእጄ ያለው።»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? ትዝታ ያሳምራል፤ እኔ ደግሞ ትዝታዬን ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩት። የገጠር ልጅ ጨዋታ የሚፈጥረው የፈጠራ ችሎታው ከከተማ ልጅ ስለሚበልጥ አይደለም፤ የሚገዛለት ስለሌለና ሥራው ረጅም ስለሆነ ነው። ጨዋታው የሚሰረቀው ከእረኝነት መሐል ነው። ከሴት ልጅ ደግሞ የሚሰረቅ ጊዜም የለም። የዛፍ ዥዋዥዌው ገመድ ሲበጠስ እጁ የተሰበረ ልጅ አውቃለሁ፤ ወጌሻ አሽቶት ነው እስከ ዛሬ ሳይዘረጋ የቀረው። ያኔ ስፖንጅ ቢኖር ምን ይጎዳው ነበር? ስለዚህ «ለስላሳ» መሆኑን እንደ ነቀፌታ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

እህቴ ቀጠለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደኅና ቦታ ነው። ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ማንም ዝም በሉ አይላቸውም።»

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የዚያ አካባቢ ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ ዜና መስማት ይበቃል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ባለው ጦርነት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚዘጋው ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ የእረፍት ሰዓት ሜዳውም አብሮ ይዘጋል። ተኩስ ሲሰማ ልጅ ወደ ቤት ይገባል፤ ይተኛል፤ ዝም ይላል። እህቴ እንዳለችኝ እነዚህ ሁለቱ አልጋ ሥር የሚጫወቱት ጨዋታ ፈጥረዋል፤ ሕጉ ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ድምፅ ያሰማ ይሸነፋል። ለኔ «የቤት ውስጥ መጫወቻ» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከገበያ ማዕከል ነው። ለነሱ ከዚያ በፊት ሌላ ትርጉም ነበራት።

አሁን ልጆቹ ራሳቸው ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ፤ ሂሴን ያፈረሰው እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ላይ ወንዱ መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ። መረቡን በጣቱ ነካ፣ ሳበው። «አያ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መረብ ነው። እንዳትወድቁ ነው የተሠራው... ሴፍቲኔት» አልኩት፤ እንግሊዝኛው አምልጦኝ።

ሳቀብኝ። «ሴፍቲኔትማ ስንዴ ነው!»

ትክክል ነው። በታች ጋይንት፣ በላይ ጋይንት፣ በስማዳ ሴፍቲኔት ማለት ስንዴ ነው፤ አንዳንዴም ብር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ነው፦ ምግብ የሚያንሰው ቤተሰብ በዓመት ለተወሰኑ ወራት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይቆፍራል፣ በምትኩ ይሰፈርለታል። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፤ ቃሉ የተቀዳበትን መረብ ግን ያየው ያን ቀን ነው። እኔ በተቃራኒው መረቡን አውቃለሁ፣ ስንዴውን ረስቼው ነበር። አንድ ቃል ሁለት አገር ሲኖረው ይሄ ነው።

ከዚያ ገባ። ሁለቴ ተንሸራተተ፤ ደስ አለው፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ላይ ግን ቱቦው አፍ ላይ ቁጭ አለ። ከኋላው አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ መጣች፣ ልትሾልክ። እጁን ዘረጋ።

«መታወቂያ!»

ልጅቷ ግራ ገባት። ወደ ኋላዋ አየች።

«መታወቂያ አምጪ። የት ነው የምትሄጂው?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ወርዳ ከገንዳው አንድ ሰማያዊ ኳስ አምጥታ ሰጠችው። ኳሱን ገልብጦ አየው፣ ፊቷንም አየ፣ መለሰላትና «እለፊ» አላት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ኳስ ይዞ ተሰልፏል። ቀይ ኳስ የያዘ ይፈተሻል። ሁለት ኳስ የያዘ «ዕቃ ጭነሃል» ይባላል። ታናሽ እህቱ አለቅሳለሁ ብላ ፈታሽ ሆነች፤ ከሱ በላይ ጨካኝ ወጣች፣ አንዱን ልጅ ካልሲውን አስወለቀችው። ያ ሁሉ ልጅ ሸርተቴውን ረስቶት ኬላ ላይ ለመቆም ይጋፋል።

ከጎናችን የነበረች አንዲት እናት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። እህቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። «መንገድ ላይ ያየውን ነው» አለች በቃ። እነሱ ሲመጡ ስንቴ ከመኪና ወርደው እንደተፈተሹ ልጁ ያውቃል፤ ቆጥሮታል።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው፣ ስለ ቦታው ተሳስቼ ነበር። «ልጅ የሚጨምረው ነገር የለም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልጁ ደግሞ አገሩን ጨመረበት። ካይዋ ካሉት አራቱ ውስጥ ንድፍ አውጪው ያላስቀመጠውን ማስመሰልን ከመንገድ ይዞት መጣ። ያ ጨዋታ ደግሞ ሊካሄድ የቻለው ቦታው ለስላሳ ስለሆነ ነው፦ ማንም ስለማይጎዳ፣ ማንም ዝም በሉ ስለማይል፣ የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ላይ ስለተገኙ። አልጋ ሥር ኬላ መጫወት አይቻልም። በዘጠኝ ዓመቱ ፈታሽ የመሆን ዕድል ያገኘው እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ተፈታሽ ነው። ልጆች የፈሩትን ነገር የሚጫወቱት ለዚህ ይመስለኛል። በጨዋታው ውስጥ «እለፊ» የማለት ሥልጣን የሱ ነው፤ ደግሞም ሁሉንም አሳለፈ።

ሁለተኛው፣ የቦታው እውነተኛ ጉድለት ስፖንጁ ሳይሆን በሩ ነው። በሩ ላይ ያለው ሕግ ካልሲ ይላል፤ ካልሲው ግን የሚመስለኝ ትንሹ ነገር ነው። ሕፃናት የመጫወትና የማረፍ መብት እንዳላቸው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። መብት ብሎ የተቀበሉትን ነገር በሰዓት ሒሳብ መሸጥ የነጋዴው ኃጢአት አይደለም፤ ነጋዴው ክፍተት አይቶ ገባ። ክፍተቱን የተወው ማነው የሚለው ነው ጥያቄው።

«መጀመሪያ ሰላም ይምጣ፣ ጨዋታው ይደርሳል» የሚል መልስ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ታሪክ ሌላ ነው የሚለው። ዴንማርካዊው የመናፈሻ ነዳፊ ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን፣ ልጆች እሱ ከነደፈላቸው መጫወቻ ይልቅ በግንባታ ቦታ ላይ በወዳደቀ ጣውላና ጡብ መጫወት እንደሚመርጡ አስተዋለ። ያሰበው «የውዳቂ መጫወቻ» ኮፐንሃገን ኤምድሩፕ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ከተማዋ በጀርመን ጦር ተይዛ እያለች። ጣውላ፣ ጡብ፣ አካፋ፣ አንድ የሚከታተል አዋቂ፤ ሌላው የልጆቹ ሥራ። ከጦርነቱ በኋላ ሌዲ አለን የምትባል እንግሊዛዊት አይታው ሐሳቡን ወደ አገሯ ወሰደችው፤ ለንደን ውስጥ ቦምብ ያፈረሳቸው ባዶ ቦታዎች ላይ ልጆች ቤት መሥራት ጀመሩ። ሰላም እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ገንዘብም ያን ያህል አልፈጀም።

እኛ ጋም ፍንጩ አለ። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን አስፋልት ለመኪና ሲዘጋ፣ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሲያሰምሩበት አይቻለሁ። መንገዱን ለአንድ ጠዋት መዝጋት ብቻ ነው የፈጀው። የሴፍቲኔቱ የአፈጻጸም መመሪያ ራሱ፣ እናቶች እርከን ሲሠሩ ልጆች የሚቆዩበት ማቆያ በሥራ ቦታው እንዲዘጋጅ ይላል። በብዙ ቦታ ከወረቀት እምብዛም ያላለፈ ነገር ነው፤ ግን ተጽፏል። አንድ ዳስ፣ አንድ ጠባቂ፣ ጥቂት ጣውላና ገመድ። ጣሪያ ያለው የቀበሌ አዳራሽም ይሆናል፤ ድርቆሽ የሞላ ጆንያ ከስፖንጅ ባያምርም ሲወድቁበት ያው ነው። አርብ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱበት እኔ አልወስንም። መጀመሪያ ኬላ ይጫወቱ ይሆናል። ከዚያ ይሰለቻቸዋል። እንዲሰለቻቸው ነው የምፈልገው።

አንድ ሰዓቱ ሲያልቅ በድምፅ ማጉያ ስማቸው ተጠራ። ወንዱ ኬላውን ለሰማያዊ ኳሷ ልጅ አስረከበና ወረደ። በሩ ላይ ልጅቷ «ካልሲው የናንተ ነው፣ ውሰዱት» አለችን። እህቴ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ታክሲ ውስጥ ደግማ ጠየቀችኝ፦ «ስንት ከፈልክ?»

«ትንሽ ነው፣ እታለም።»

በነጋታው ከሥራ ስመለስ የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ጩኸት ሰማሁ። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ወጥተዋል፤ ጎሉ የሁለት ሰው በር ነው። የሚለጉትን ኳስ ሳየው ሥሩ ላይ የጎማ ነጠብጣብ አለበት። የኔን አሮጌ ካናቴራ ጠቅጥቀውበታል። አንዱ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ዝም በሉ ሊል አፉን ከፈተ፤ ኳሱ እግሩ ሥር ደረሰ፣ መልሶ መታው።